የልጅነት ደሴን በሥዕል መጽሐፍ ማስቀረት

ጥያቄ፦ ለልጆች በማዘጋጀው ባለሥዕል መጽሐፍ ያደግሁባትን ደሴን ከነድባቧ ለማስቀረት እየጣርሁ ነው። ሕንፃዎቹን ከፎቶግራፍ እያየሁ ብሥላቸውም ከተማዋ አልመጣችልኝም። ከምን ልነሣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጦሳ ተራራ ይነሡ። ጉሙ ከተራራው ወርዶ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን ሲውጥ፣ ደጅ የቆመ ልጅ የሚታየው የጎረቤት አጥርና ከማድቤት የሚወጣው የባሕር ዛፍ ጢስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሩቁን በሳሳ ቀለም፣ የቅርቡን በደማቅ ይሥሩት።

መልስ፦ እስማማለሁ። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ግን ከልጅ ቁመት፣ ከታች ወደ ላይ ቢሥሉት እመርጣለሁ። አዛኑና ደወሉ ለጽሑፉ ይቆዩ፤ ሥዕል ድምፅን አይችልም።

መልስ፦ ሰኞ ገበያንም አይርሱ፤ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ዳገቱን የሚወጣ ልጅ ገጹን ሁሉ ሊይዝ ይገባዋል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ በጉሙ እጀምራለሁ።