ሪአክሽን ሲሰረዝ «ዜሮ» እና «መፍትሔ የለም» የሚሉትን ውጤቶች እንዴት ልቁጠራቸው?

95 ሪአክሽኖች (ሕዋሱ የሚያካሂዳቸው ኬሚካዊ ለውጦችና ማጓጓዞች) ያሉትን የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ አነስተኛ ሞዴል በኮብራፓይ (እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን የሚያሰላ የፓይተን ፕሮግራም) ከፍቼ፣ ሪአክሽኖቹን አንድ በአንድ እየሰረዝኩ የዕድገት መጠኑን በፍሰት ሚዛን ትንተና (ለየሪአክሽኑ ፍሰት በተሰጡት ዝቅተኛና ከፍተኛ ገደቦች ውስጥ ትልቁን ዕድገት በሚፈልግ ስሌት) እያሰላሁ ነው። ምንም ሳይሰረዝ፣ የግሉኮስ ቅበላው 10 ሆኖ፣ በሰዓት 0.874 አገኛለሁ፤ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ የተባለው ኤንዛይም ሪአክሽን ሲሰረዝ ወደ 0.704 ይወርዳል። እስከዚህ ችግር የለም። ግራ የገባኝ፣ ሲትሬት ሲንቴዝ የተባለውን ኤንዛይም ሪአክሽን ስሰርዝ ዕድገቱ ዜሮ ሲሆን፣ ግሉኮስን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባውን ስሰርዝ ግን ፕሮግራሙ ቁጥር በመስጠት ፈንታ መፍትሔ የለም ማለቱ ነው። ከእያንዳንዱ ስረዛ በኋላ የቀድሞዎቹን ገደቦች እመልሳለሁ (መጀመሪያ ይህን ዘንግቼ አንድ ሙሉ ቀን በከንቱ ደክሜአለሁ)።

የምጠረጥረው ለሕዋሱ ጥገና የሚውለውን ኤቲፒ (የሕዋሱን ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) ነው፤ ዝቅተኛ ገደቡ 8.39 ስለሆነ ካርቦን ሳይገባ ሊሟላ አይችልም፤ ገደቡን ወደ ዜሮ ሳወርደውም ያው ስረዛ ዜሮ ዕድገት ሰጠ። ነገር ግን ገደቡን ማንሳት የሌሎቹን ስረዛዎች ውጤት ስለሚለውጥ አልወደድኩትም። ታዲያ ገደቡን እንዳለ ትቼ «መፍትሔ የለም» የሚለውን ከዜሮዎቹ ጋር እንደ ገዳይ ስረዛ ልመዝግበው ወይስ ለብቻው ላስቀምጠው? በዚህ ሥራ ላይ የቆያችሁ ልማዳችሁን ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።