ክርክር፦ ቶከላው በ16 ድምፅ መቅረቷ ፍትሕ ነው?

አወያይ፦ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያሉት አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ የሚባሉ ሦስት ደሴቶች በአንድነት ቶከላው ይባላሉ። ነዋሪው 1,500 ገደማ ሲሆን በኒው ዚላንድ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ራሳቸውን ችለው ከኒው ዚላንድ ጋር በነፃ ጥምረት ለመኖር፣ ማለትም ራሳቸውን እያስተዳደሩ ከእሷ ጋር ተሳስረው ለመቀጠል፣ ድምፅ ሰጡ፤ 60 በመቶው ደገፈ። በ2007 ደገሙት፤ ከ692 ድምፅ 446ቱ ድጋፍ ነበር። ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ስለነበር በ16 ድምፅ ወደቀ። ምን ትላላችሁ?

መርከበኛው፦ ግፍ ነው እላለሁ። ከመቶ 64ቱ «ራሳችንን እንቻል» ብሎ 36ቱ ካስቀረው፣ ድምፅ መስጠቱ ለምን አስፈለገ?

ሰናይት፦ ወንድሜ፣ ገደቡን ያወጣው ማን እንደሆነ ጠይቀሃል? የኒው ዚላንድ መንግሥት አይደለም፤ የራሳቸው ጠቅላላ ሸንጎ፣ ምክር ቤታቸው ማለት ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። እዚያ የተጠመደው ዓሣ «ኢናቲ» በሚባል ሥርዓት ለየቤቱ በእኩል ይታደላል። ቅርጫ ቢመስልም ከፋይ የለበትም። ጠዋት ዓሣ የተካፈሉ ጎረቤታሞች ከሰዓት በኋላ በ51 በመቶ ለሁለት ተከፍለው አገር ቢመሠርቱ ነበር የሚገርመኝ።

መርከበኛው፦ የዓሣው ነገር ደስ ይላል። የበጀቱን ትልቅ ክፍል የምትሰጠው፣ አስተዳዳሪ የምትሾመውም ግን ኒው ዚላንድ ናት። በሰው ኪስ እየኖሩ «አይ፣ ይቅርብን» ማለት የፈቃድ ምርጫ ነው ወይስ የፍርሃት?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ባንዲራውን ነው የምታዩት። ሥልጣኑ የት እንደሚያድር እንይ። በየደሴቱ «ታውፑሌጋ» የሚባል የሽማግሌዎች ጉባኤ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሥልጣኑ ምንጭ እርሱ ነው፤ ጠቅላላ ሸንጎው የሚሠራው ደሴቶቹ በውክልና በሰጡት ልክ ነው። «ኡሉ» የሚሉት መሪ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ተራው ከደሴት ወደ ደሴት ይዞራል። ዋና ከተማ የላቸውም። እኛ ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ማየት ስለለመድን ይህን አስተዳደር ብለን ለመጥራት እንኳ እንቸገራለን። አውሮፕላን ማረፊያ የለም፤ ከሳሞዋ ዋና ከተማ ከአፒያ በመርከብ ከአንድ ቀን በላይ ያስኬዳል። ልጁ የታመመበት ሰው የሚጠይቀው መርከቧ መቼ እንደምትደርስ ነው።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ በብዛት ወንዶች ናቸው። ከታች የመጣ ሥልጣን ሁሉ ለሁሉም እኩል አይደርስም።

ጋሽ ታደሰ፦ እዚህ ላይ አልከራከርሽም።

አስቴር ከስቶክሆልም፦ አንድ ነገር ዘለላችሁ። በኒው ዚላንድ የሚኖረው ቶከላዊ በደሴቶቹ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ድምፅ ግን አልሰጠም። ከአገሬ ከወጣሁ 20 ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ ትቆረቆርላቸዋለች ትሉኝ ይሆናል። አልቆረቆርም። መርከብ የሚጠብቀው እዚያ ያለው ሰው ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ የምሰጠው ድምፅ ናፍቆት እንጂ ኑሮ የለበትም።

መርከበኛው፦ ይህ አሳምኖኛል፤ ገደቡ ግን አሁንም አላሳመነኝም። የነፃ ጥምረቱ ረቂቅ የኒው ዚላንድ ዜግነታቸው እንደማይነካ ይናገር ነበር። ታዲያ ምን ፈሩ?

አስቴር ከስቶክሆልም፦ የተጻፈውን አይደለም የሚፈሩት። ደሴቶቹ ከባሕር በላይ አምስት ሜትር ያህል ቢሆኑ ነው። ማዕበል ቢመጣ የሚሸሹበትን የኒው ዚላንድን በር ማንኳኳት እንዳይኖርባቸው ይፈልጋሉ።

መርከበኛው፦ በሩ የእነሱ ከሆነ ለምን ያንኳኳሉ?

ሰናይት፦ እሱን ለ16ቱ ጠይቅልኝ።