ለኮራል ገንዳ የትኛውን ጨው ልግዛ? አዲሱ ጨው ከገባ ወዲህ ሃመር ኮራላችን ተኮማትሯል

ጥያቄ፦ ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። 150 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም ቤታችን አለ፤ ከ12 ዓመት ልጄ ጋር ከጀመርነው 14 ወር ሆነው። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ዞአንቱስ (አበባ የሚመስሉ ትንንሽ ኮራል መሰል እንስሳት)፣ እንጉዳይ የሚመስሉ ለስላሳ ኮራሎችና ሦስት ራስ ያለው አንድ ሃመር ኮራል (የክንዶቹ ጫፍ መዶሻ የሚመስል፣ ጠንካራ አጽም ያለው ኮራል) አሉበት። ልጄ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሃመሩን ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ በቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳል።

እስካሁን የምንጠቀምበት ጨው አልካላይነቱ (ኮራል አጽሙን የሚሠራበት የካርቦኔት መጠን፤ የሚለካው dKH በሚባል ዲግሪ ነው) 8 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ሲያልቅብኝ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «ኮራል ካላችሁ ለዕድገት የተዘጋጀውን ውሰጂ» ብሎ በዋጋ የሚበልጠውን ሰጠኝ፤ ባልዲው ላይ 12 ዲግሪ ይላል። በዚያ ሰሞን ሁለት ሳምንት ከቤት ርቀን ስለነበር ስንመለስ መስታወቱ አልጌ ለብሶ ጠበቀን። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት 60 ሊትር በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። እሑድ ጠዋት ሃመሩ ክንዶቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ የነጩ አጽም ጠርዝ እየታየ አገኘነው። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ከዞአንቱሶቹም ግማሾቹ አልተከፈቱም። ዓሦቹ ግን ደህና ናቸው፣ ይበላሉ።

የገንዳው አልካላይነት ውሃ ከመቀየሬ በፊት 7.8 ነበር፤ እሑድ ስለካው 9.8 ሆነ። ከአዲሱ ውሃ በርሜሉ ውስጥ የተረፈውን ብለካው 13 አሳየኝ። ካልሲየም 450፣ ማግኒዚየም 1380፣ ናይትሬት 8 ሚሊ ግራም በሊትር፤ ሙቀቱ 25.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ጨዋማነቱን የምለካው ተንቀሳቃሽ ክንድ ባላት የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ነው፤ 1.025 ትላለች (ውሃው ከንጹሕ ውሃ 1.025 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው)። ውሃውን የማዘጋጀው በአር-ኦ/ዲ-አይ ማጣሪያ (የቧንቧ ውሃን ከሟሙበት ነገሮች የሚያጠራ፣ ከሰልም ያለው) ነው።

የጎዳው ጨዉ ነው? ልጣለውና ሌላ ልግዛ? የምገዛ ከሆነስ የትኛውን?

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ስለ ጨዉ ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ ውሃው አንድ ነገር ልበል። አርሊንግተን የሚደርሳችሁ ውሃ ከዋሽንግተን አኩዌደክት (ለዋሽንግተንና ለአካባቢው ውሃ ከሚያጣራው ድርጅት) የሚመጣ ነው። ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው የሚሆኑት ጀርም ገዳይ) ነው፤ በየጸደዩ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎራሚን ከክሎሪን ይልቅ በከሰል ማጣሪያ ለመያዝ ያስቸግራል፤ ከሰሉ ሲደክም አልፎ ይሄዳል። የሟሟ ነገር የምትለካው መሣሪያ ዜሮ ብታሳይም ክሎራሚንን አታይልሽም። በጠቅላላ ክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት ከማጣሪያው የሚወጣውን ውሃ አንድ ጊዜ ፈትሺው። ከሰሉን ከቀየርሽ ስድስት ወር ካለፈው ሳትመረምሪም ቀይሪው።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

አይዞሽ እህቴ። ጨዉን አትጣይው። የሃመሩ ሥጋ ከአጽሙ እየተላቀቀ ካልሆነ፣ ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ካልያዘው፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ ምልክት አልታየኝም።

ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው 13 የሚለው ላይ ነው። ባልዲው 12 ይላል፤ አንቺ 13 አገኘሽ። ባልዲ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውሃው ጨዋማነት 35 ሲሆን፣ ማለትም በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው ሲኖር የሚገኘው ነው። ጨው ሲበዛ አልካላይነቱም፣ ካልሲየሙም፣ ማግኒዚየሙም በዚያው ልክ ይወጣል። 12ን በ38 አባዝተሽ ለ35 ብታካፍይው 13 ይመጣል። ስለዚህ አዲሱ ውሃሽ 38 አካባቢ ሳይሆን አይቀርም።

የምጠረጥረው ሃይድሮሜትሯን ነው። ክንዷ ላይ ጨው ሲጋገርባት ትከብዳለች፤ ስትከብድ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ታሳያለች፤ አንቺም ጎደለ ብለሽ ጨው ትጨምሪበታለሽ። የአየር አረፋ ሲለጠፍባት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ግዢ። በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ የሚስት ብዙ ነው። 35 ወይም 1.0264 የሚል የተጻፈበት የማስተካከያ ፈሳሽ አብረሽ ግዢና በእሱ አስተካክዪው። ከጨው ምርጫ በፊት የሚቀድመው ይህ ነው፤ ውሃሽ 35 መሆኑን ሳታውቂ ጨዎችን ማወዳደር አትችዪም።

ሁለተኛው የቀየርሽው መጠን ነው። 60 ሊትር ከ150 ሊትር 40 በመቶ ነው። የ7.8 60 በመቶ 4.7፣ የ13 40 በመቶ 5.2፤ ሲደመር 9.9። አንቺ 9.8 ለክተሻል፤ የአልካላይነት መመርመሪያሽ ታማኝ ነው ማለት ነው። ኮራልሽ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሁለት ዲግሪ ለውጥ ደረሰበት፤ ጨዋማነቱም አብሮ ተቀየረበት። 15 ሊትር ብቻ ቀይረሽ ቢሆን ኖሮ 8.3 ላይ ይቆም ነበር፤ ሃመሩም ነገሬ አይለውም።

የትኛውን ልግዛ ላልሽው፣ መጀመሪያ ገንዳሽን በስንት ዲግሪ እንደምትይዢ ወስኚ፤ ከዚያ 35 ላይ ሲበጠበጥ ወደዚያ ቁጥር የሚጠጋውን ግዢ። የተፈጥሮ ባሕር 7 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ካልሲየሙ 410፣ ማግኒዚየሙ 1290 አካባቢ። ትሮፒክ ማሪን ፕሮ ሪፍና ሰማያዊ ባልዲ ውስጥ የሚሸጠው ሬድ ሲ ከ7 እስከ 8 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ኢንስታንት ኦሽን ከ10 እስከ 11 ይደርሳል። የሬድ ሲ ኮራል ፕሮ ደግሞ 12 አካባቢ ነው። ሁሉም ኮራል ያኖራሉ፤ እኔ በ22 ዓመት ውስጥ ሦስቱን ተጠቅሜባቸዋለሁ። «ለኮራል»፣ «ለዕድገት» የሚለው ጽሑፍ አይምራሽ፤ ከጀርባው ያለውን ሰንጠረዥ አንብቢ። 8 ላይ ለለመደ ገንዳ 8 የሆነው ይስማማዋል። እንደ አንቺ ሁለት ሳምንት ርቆ ተመልሶ ብዙ ውሃ ለመቀየር ለሚገደድ ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ግማሹን ቢቀይሩት እንኳ ቁጥሩ ከቦታው አይነቃነቅም።

መልስ፦ ከናታንያ፣ እስራኤል

እኔ ከፍራንክፈርቱ ወንድማችን ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። 12 ዲግሪ ያለውን ጨው ለአምስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ገንዳዬ 100 ሊትር ነው፤ ኮራሎቼ ጥቂቶች ናቸው፤ በየሳምንቱ 10 ሊትር እቀይራለሁ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልጨምርም። ኮራሎቼ በሳምንት የሚወስዱትን 0.4 ዲግሪ ያህል ውሃው ራሱ ይመልስልኛል። ገንዳው ከ7.8 እስከ 8.2 ባለው ውስጥ ይኖራል። 8 ዲግሪ ባለው ጨው ብሆን ኖሮ በየቀኑ መጨመሪያ ስሰፍር እኖር ነበር። ለእርስዎም የሚሆነው ይህ ይመስለኛል፤ ብቻ በአንድ ጊዜ ከ15 ሊትር አይለፉ።

ሌላው፣ በዚህ ጨው የተዘጋጀ ውሃ ለቀናት አይቀመጥም። አንድ ጊዜ ማሞቂያውን ከተውኩበት በርሜል አወጣሁና እንደ ኖራ የተለሰነ ነጭ ነገር ከብረቱ በቢላዋ ፋቅሁ። ያ ነጭ ነገር የከፈልኩበት ካልሲየምና አልካላይነት ነው፤ ለኮራሉ ሳይደርስ ማሞቂያው ላይ ቀረ። በዚያኑ ዕለት በጥብጠው በዚያኑ ዕለት ይጠቀሙበት።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ልክ ብለዋል፤ ኮራሉ ጥቂት ለሆነ ገንዳ ያ መንገድ ይሠራል። ግን ገንዳው በሳምንት ስንት እንደሚወስድ መለካት ይቀድማል። እህቴ፣ ምንም ሳትጨምሪ፣ ውሃም ሳትቀይሪ፣ ዛሬ ማታና ከሦስት ቀን በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ለኪ። በቀን 0.1 ዲግሪ የሚወርድ ከሆነ በሳምንት 0.7 ነው። ባለ 12 ዲግሪው ጨው በ15 ሊትር 0.4 ገደማ ብቻ ይመልስልሻል፤ የቀረውን አንቺ ትጨምሪያለሽ። ለዚያ ውድ ጠርሙስ አያስፈልግሽም። ለ150 ሊትር አንድ ዲግሪ ከፍ የሚያደርገው 4.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ነው። በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ አሟሚውና ፍሰት ባለበት በኩል በቀስታ አፍስሺው። ቤኪንግ ሶዳ እንጂ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም! በእኛ ቤት ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ተቀምጠው በተደጋጋሚ ይምታታሉ፤ ፓውደሩ ስታርችና አሲድ አለበት።

የገዛሽውን ባልዲም በ15 ሊትር በ15 ሊትር ጨርሺው። ሲያልቅ 8 ወደሆነው ተመለሺ።

አበጣጠሩ፦ በወጥ ቤት ሚዛን ለ15 ሊትር 570 ግራም ገደማ መዝኚ። ጨዉ እርጥበት አብሮት ስላለ 35 ለማድረስ በሊትር ከ36 እስከ 39 ግራም ይፈልጋል፤ ትክክለኛውን ባልዲው ይነግርሻል። ውሃውን መጀመሪያ አፍስሺ፣ ፓምፑን አስነሺ፣ ጨዉን ከላይ በትንሽ በትንሹ ነስንሺ። ጨዉ ላይ ውሃ አታፍስሺ፤ ከታች የሚሟሟው ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየሙ ይዘቅጥና ውሃው እንደ አጓት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ሲተካከል ለኪ። አዲስ ባልዲ ስትከፍቺም ክዳኑን ገጥመሽ መሬት ላይ ጥቂት አንከባልዪው፤ በጉዞ ደቃቁ ወደ ታች ይሰበሰባልና።

መልስ፦ ከዱባይ

እኔ የምጨምረው ስለ አቀማመጥ ነው። እዚህ በበጋ አየሩ ውሃ ነው። ከረጢቱን በላስቲክ ገመድ ብቻ አስሬ በረንዳ ላይ የተውኩት ጨው በሦስት ወር እንደ ድንጋይ ጠጠረ። በመዶሻ ፈልጬ በጠበጥኩት፤ ጨዋማነቱ 35 ሆኖ አልካላይነቱ ግን ከተጻፈው ሦስት ዲግሪ ወርዶ ተገኘ። እርጥበቱ ገና በከረጢቱ ውስጥ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን አገናኝቷቸው ነበር። ስለዚህ ትልቁ ካርቶን በሊትር ሲሰላ ርካሽ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ በሳምንት 15 ሊትር ለሚቀይር ሰው 750 ሊትር የሚወጣው ካርቶን ለ50 ሳምንት ነው። ከገዙት ጥብቅ ክዳን ባለው ባልዲ ይገልብጡትና ቤት ውስጥ ያስቀምጡት።

አንዳንዶች እዚህ ከባሕሩ እንቅዳ ይላሉ። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ጨዋማነቱ ከ40 ያልፋል፤ ዳርቻው ደግሞ የጀልባ ዘይት አለበት። እኔ አልቀዳም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ይቅርታ፣ በመሐል ስለገባሁ። እዚህ የባሕር ጨው ድብልቅ ማስመጣት በጣም ውድ ነው። የአፍዴራ ጨው ግን በየሱቁ ሞልቷል። አፋር ደግሞ ድሮ ባሕር የነበረ ነው ይባላል። አዮዲን ያልገባበትን አግኝቼ ብበጠብጠው ኮራል አይኖርበትም?

መልስ፦ ከባሕር ዳር (የኬሚስትሪ መምህር)

አይኖርም ልጄ፤ ምክንያቱን ልንገርህ። በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ ውስጥ ካለው 35 ግራም ጨው 19.4 ግራሙ ክሎራይድ፣ 10.8 ግራሙ ሶዲየም ነው። ቀሪው አምስት ግራም ገደማ ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት ነው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከዚያ አምስት ግራም ውስጥ ነው።

ውሃ በፀሐይ ሲተን እነዚህ አብረው አይወርዱም። መጀመሪያ ኖራው ይወርዳል፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ የምንበላው ጨው። ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ በመጨረሻው መራራ ፈሳሽ ውስጥ ይቀራሉ። ጨው አምራቹም የሚሰበስበው መካከለኛውን ብቻ ነው፤ ለወጥ የሚፈለገው እሱ ነውና። የአፍዴራ ጨው ለምግብ ግሩም ነው፤ ብትበጠብጠው ግን የምታገኘው ጨዋማ ውሃ እንጂ ባሕር አይደለም። የጎደለውን ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድና ሶዳ እየመዘኑ መሙላት ይቻላል፤ በቤተ ሙከራ እናደርገዋለን። ነገር ግን የኬሚካሎቹ ንጽሕና ያልታወቀ ከሆነ ትንሽ መዳብ እንኳ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ለአሁኑ በጣፋጭ ውሃ ዓሣ ጀምር፤ መለካትን ተለማመድ።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

አመሰግናለሁ ጋሼ። መራራው ፈሳሽ የሚሉትን አላውቅም ነበር።

ጠያቂዋ፣ ከ12 ቀን በኋላ፦ ከአርሊንግተን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለሁላችሁ። ሪፍራክቶሜትሩን ከማስተካከያ ፈሳሹ ጋር ገዛሁ። በርሜሉ ውስጥ የተረፈው ውሃ 38 ነው፤ ገንዳው ራሱ 37 ሆኖ ቆይቷል። ሃይድሮሜትሯን ብርሃን ላይ ይዤ ሳያት ክንዷ መታጠፊያ ላይ እንደ ስኳር የሚያበራ ጨው ተጋግሮባታል።

በየቀኑ ሁለት ሊትር ከገንዳው እያወጣሁ በንጹሕ ውሃ ተካሁ፤ በአራት ቀን ስምንት ሊትር። 35 ላይ ነው አሁን። ከሰሉንም ቀየርኩ፤ ዓመት አልፎት ነበር። ለሦስት ቀን ሳልነካው ስለካው በቀን 0.1 ዲግሪ ይወርዳል። ባለፈው ቅዳሜ 15 ሊትር ከአዲሱ ጨው በሚዛን አዘጋጅቼ ቀየርኩ፤ የዛሬው ልኬት 8.4 ነው።

ከሃመሩ ሁለቱ ራሶች እንደ ድሮው ተዘርግተዋል፤ ሦስተኛው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ማታ ማታ ይሰበሰባል። ልጄ በየቀኑ በማስመሪያ እየለካ በደብተሩ ይጽፋል፤ ትናንት ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ዛሬ ሁለት ተኩል። ባልዲው ገና ብዙ አለው፤ ሲያልቅ በሰማያዊ ባልዲ የሚሸጠውን ሬድ ሲ እገዛለሁ።