ፊሊፒኖቹ ምን ስላላቸው ነው አረብ አገር የሚከበሩት?

የቱሉ ዲምቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኩዌት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ፣ አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። እዚያ አንድ ቤት ውስጥ ከፊሊፒን ልጅ ጋር ነበርን። ሥራችን አንድ ነው፣ ደሞዛችን ግን አይገናኝም። ስልኳ ከእጇ አይለይም፣ ማዳም ስትጮህባት "ኤምባሲ እደውላለሁ" ትልና ነገሩ ይበርዳል። እኔ ፓስፖርቴን ያየሁት ልመጣ ስል ነው። ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ነው ይለኛል። እውነት እሱ ብቻ ነው? ታናሽ እህቴ ካልሄድኩ ብላ ይዛኛለች።

ለገጣፎ ማዶ፦
እንግሊዝኛው ይረዳል፣ ዋናው ግን እሱ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በ1995 ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጣች። አገሩ ተናጠ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ መንግሥት ሲጨንቀው በዚያው ዓመት ውጭ አገር ለሚሠሩ ዜጎች ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። በ2006 ደግሞ የቤት ሠራተኛ ከ400 ዶላር በታች እንዳትቀጠር፣ ለኤጀንሲም የማስቀጠሪያ እንዳትከፍል ወሰኑ። የስልክና የፓስፖርቱ ነገር በ2018 ከኩዌት ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ አለ። እሱም የመጣው አንዲት ሠራተኛቸው እዚያ ኩዌት ተገድላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለተገኘች ሠራተኛ መላክ አቁመው ነው። ማዳም የምትፈራው ልጅቷ ስትደውል የሚያነሳላት ሰው እንዳለ ስለምታውቅ ነው።

አባዶ 3ኛ ፎቅ፦
ኧረ ቀስ በሉ፣ ገነት አታስመስሏት። ፊሊፒን ውስጥ ከሙስሊሞቹ በቀር ዛሬም ፍቺ የለም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ጋብቻው ከመነሻውም አልነበረም ብላ ፍርድ ቤት መሟገት አለባት፣ ለዚያውም ገንዘብ ካላት። በዚህ እንኳ እኛ እንሻላለን። የሚያስቀናኝ የ2004ቱ ሕጋቸው ነው። የተደበደበች ሚስት እዚያው ሰፈሯ ላለው የባራንጋይ ሹም (ቀበሌ በሉት) ታመለክታለች፣ እሱም በዕለቱ ባልየው እንዳይነካት የ15 ቀን እግድ ይሰጣታል። ሥራ ካላት 10 ቀን ፈቃድ ከነደሞዟ ታገኛለች። እኛ ጋ ሽማግሌ ተልኮ "ለልጆችሽ ስትይ" ነው።

ዝም አልልም፦
ሁላችሁም ስለ አረብ ማዳም ታወራላችሁ። ፊሊፒኖቹ በ2013 እዚያው አገራቸው ላሉት የቤት ሠራተኞች ሕግ አውጥተዋል። የጽሑፍ ውል፣ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት፣ 13ኛ ወር ደሞዝ፣ ማኅበራዊ ዋስትና፣ ሁሉም አለበት። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። እስቲ እዚህ ከምትጽፉት ስንታችሁ ናችሁ ለሠራተኛችሁ እሁድን የምትለቁላት? ከገጠር የመጣችውን ልጅ ስልክ "ትባልጋለች" ብላችሁ የምትይዙባትስ?

የቱሉ ዲምቷ፦
@ዝም አልልም እውነትሽን ነው፣ እኛ ብሎክ ላይ ራሱ ሞልቷል። ግን እህቴን ምን ልበላት? አንድ ደላላ ለቪዛና ለትኬት ብር አምጪ ብሏታል።

ለገጣፎ ማዶ፦
በእኛም ሕግ ቪዛና ትኬት በአሠሪው ነው። ብር ከጠየቃት ትተወው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ትሂድ፣ ውሉንም ሳትፈርም በፊት ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን፣ ስሟንና የፓስፖርት ቁጥሯን ሸፍነሽ።