ፓሌት የሚደረድር ሮቦት አሁን እንግዛ ወይስ ሰው መሰሉን እንጠብቅ?

መስመር_ሦስት፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ነን። የባለ 2 ሊትሩ መስመር በሰዓት 6,000 ጠርሙስ ያወጣል። ስድስት ስድስቱ በላስቲክ ሲታሸግ በሰዓት 1,000 እሽግ ይሆናል፤ አንዱ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ላይ የሚደረድሩት ሰዎች ናቸው፤ ወገብ አይችለውም፣ ሠራተኛም አይበረክትልንም። አለቃችን ሰው መሰል ሮቦቶች ሲደንሱ ቪዲዮ አይቶ «ሁለት ሦስት ዓመት ብንታገስ እነዚህ ይመጣሉ፣ አሁን ብረት ክንድ ላይ ለምን ገንዘብ እናፈሳለን?» ይላል። በእኔ በኩል ያሰብኩት አነስተኛ ኮቦት (ከሰው ጎን የሚሠራ ክንድ ሮቦት) ከቫኪዩም ግሪፐር፣ ማለትም በአየር ስቦ ከሚይዝ መያዣ ጋር ነው። ዘርፉ ወዴት እየሄደ ነው? ባለሙያዎቹስ ምን ይላሉ?

ሰርቮ፦ መጀመሪያ ያንተን ኮቦት እንይ። የዩኒቨርሳል ሮቦትስ ዩአር10ኢ አቅሙ 12.5 ኪሎ ነው፤ የግሪፐሩ ክብደት የሚታሰበው ግን ከዚያው ላይ ነው። 4 ኪሎ ግሪፐር ስታስር ለእሽጉ የሚተርፈው 8.5 ነው፣ አያነሳውም። ዩአር20 ያነሳዋል፣ ግን አንድ በአንድ። መስመርህ በየ3.6 ሰከንዱ እሽግ ይጥላል፤ ኮቦቱ አስቀምጦ እስኪመለስ 6፣ 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። እሽጉን የሚያመጣው ተንቀሳቃሽ መስመር (ኮንቬየሩ) ይሞላና ወደ ኋላ ማሸጊያውን ያስቆመዋል።

አራት እሽግ ባንዴ የሚያቅፍ ግሪፐር ያስፈልግሃል። 48 ኪሎ እሽግ፣ 40 ገደማ ግሪፐር፤ ስለዚህ ቢያንስ 110 ኪሎ የሚችል ባለ አራት አክሲስ (በአራት መገጣጠሚያ የሚንቀሳቀስ) የፓሌት ሮቦት ፈልግ፣ እንደ ፋኑክ ኤም-410 ያለውን። በሰዓት 250 ዙር ይበቃሃል፤ ለአንዱ ዙር 14 ሰከንድ አለህ ማለት ነው፣ ሳይጣደፍ ይደርሳል።

ቫኪዩሙን ተወው። የላስቲክ እሽግ ላዩ ስለሚሸበሸብ አየር ያስገባል፣ እሽጉ መንገድ ላይ ይወድቃል። ከጎን የሚጨብጥ፣ ከሥር ጣት የሚያስገባ ነው የሚሆንህ። መብራት ሲጠፋ እንዳይለቅ ደግሞ የግሪፐሩን አየር የሚቆጣጠረው ባለ ሁለት ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ቫልቭ እንዲሆን ውል ላይ አስጽፍ፤ ባለ አንዱ ኃይል ሲያጣ ስፕሪንጉ ይመልሰዋል፣ እሽጉን ሊለቀው ይችላል።

ቀይ_ቁልፍ፦ ስለ ሰው መሰሉ ልጨምር። የቻይናው ኩባንያ ዩኒትሪ የሠራው ጂ1 በ2024 ሲወጣ ዋጋው ከ16,000 ዶላር ይጀምር ነበር፣ ለዚህ ነው ሁሉም የሚያወራለት። በክንዱ የሚይዘው ግን 2 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪውም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ አጂሊቲ ሰው መሰል ሮቦት ዲጂት 16 ኪሎ ያነሳል፣ አሜሪካ መጋዘን ውስጥም ቅርጫት ያመላልሳል፤ ያም ቢሆን ያንተን ፍጥነት አይደርስበትም።

ብዙ ሰው የማያነሳው ጉዳይ ደህንነቱ ነው። ክንድ ሮቦት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ሲጫን ኃይሉ ይቋረጣል፣ ብሬኩ ይይዛል፣ ባለበት ይቆማል። በሁለት እግር የቆመው ኃይሉ ሲቋረጥ ይወድቃል፤ ከነጭነቱ፣ ምናልባትም ሰው ላይ። የኢንዱስትሪ ሮቦት ደህንነት መስፈርት አይኤስኦ 10218 እ.ኤ.አ. በ2025 ሲታደስ ይህን አልሸፈነም፤ ሚዛኑን እየጠበቀ ለሚቆም ሮቦት ራሱን የቻለ መስፈርት እየተዘጋጀ ነው። እስከዚያ ሰው መሃል አሠማራዋለሁ የሚል ጠንቃቃ ፋብሪካ ጥቂት ነው።

ባለሙያዎቹም አንድ ድምፅ የላቸውም። ኢሎን መስክ በ2025 ከቴስላ ዋጋ 80 በመቶ ያህሉ ከሰው መሰል ሮቦቱ ከኦፕቲመስ እንደሚመጣ ተናግሯል፤ ሻጭ ነውና ምን ይበል። አንጋፋው የሮቦት ተመራማሪ ሮድኒ ብሩክስ ደግሞ ጉዳዩ እግር ሳይሆን እጅ ነው ባይ ነው፦ የሰው እጅ 17,000 ገደማ የንክኪ ተቀባይ አለው፣ ቪዲዮ በማሳየት ብቻ ያን ማስተማር አይቻልም። ሪቲንክ ሮቦቲክስ የተባለ ሮቦት አምራች መሥርቶ ኩባንያው በ2018 ሲዘጋ ያየ ሰው ስለሆነ እኔ ወደ እሱ አደላለሁ።

ኩርባ፦ ብሩክስ እጁ ላይ ትክክል ነው፣ ግን ዋጋ መውረዱን አቅልሎ ያየዋል ባይ ነኝ። በ2024 ዓለም ላይ ከተተከሉት 542,000 ገደማ የኢንዱስትሪ ሮቦቶች 54 በመቶው ቻይና ውስጥ ነው። ሞተሩ፣ ሪዲዩሰሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቀንሰው ጥርስ)፣ ኢንኮደሩ (የክንዱን ቦታ የሚለካው) እዚያው በገፍ ይመረታል፤ ሰው መሰሉም የሚገጣጠመው ከዚሁ ዕቃ ነው። ባለቤትነቱም እየተቀያየረ ነው፦ የጀርመኑን ሮቦት አምራች ኩካን ሚዲያ (Midea) የተባለ የቻይና ኩባንያ ገዝቶታል፣ የስዊዘርላንዱ ኤቢቢም የሮቦት ክፍሉን ለጃፓኑ ሶፍትባንክ ለመሸጥ በ2025 ተስማምቷል። ስለዚህ ብራንዱን ሳይሆን መለዋወጫ እዚህ ማን እንደሚያቀርብ ጠይቅ። ላንተ ሥራ ግን መጠበቁ ትርፍ የለውም፣ እዚህ ላይ ከሁለቱም ጋር ነኝ።

መስመር_ሦስት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ከአውሮፓ ያገለገለ ፋኑክ ቀርቦልናል። ሳንከፍል ምን እንይ?

ሰርቮ፦ ባትሪውን። አብዛኞቹ የፋኑክ ክንዶች ለቴፕ የምንገዛው ዓይነት ትልቁ ድንጋይ 4 ይይዛሉ፤ የኢንኮደሩን ቦታ የሚያስታውሰው እሱ ነው። መጋዘን ተኝቶ ድንጋዩ ካለቀ «ሰርቮ-062» የሚል አላርም ይመጣል፣ ማስተሪንግ (የመገጣጠሚያዎቹን መነሻ ቦታ ማስተካከል) እንደገና ይሠራለታል። በየዓመቱ ስትቀይርም ኮንትሮለሩ (ሮቦቱን የሚያዝዘው ሳጥን) እንደበራ ይሁን። አጥፍተህ ካወጣኸው ቦታውን ያጣል።

ከሪዲዩሰሮቹ ትንሽ ግሪስ አስወጥተህ በጣትህ እሸው፤ የብረት ብናኝ ካበረቀ ጥርሱ እየተበላ ነው። ግሪሱ በየ3 ዓመቱ ወይም በየ11,520 ሰዓቱ ይቀየራል፣ መዝገቡን ጠይቅ። የፕሮግራሙን ሙሉ ባክአፕ (ቅጂ) ሳትቀበል አትፈርም።

ከፍታውንም እንዳትረሳ። ብዙ ኮንትሮለሮች የተሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ነው፣ እናንተ ከ2,000 በላይ ናችሁ። አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ይደክማል፣ ፋንና ፊልተሩ ቶሎ ቶሎ ይጽዳ። ለግሪፐሩ አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰርም ካታሎጉ ላይ ከተጻፈው ያነሰ አየር ነው የሚሰጥህ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዛ። ኮንትሮለሩ ፊት ስታቢላይዘር (የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚያስተካክል) አድርግ።

ቀይ_ቁልፍ፦ ፓሌቶቻችሁንም ለዩ። ሮቦቱ ካሜራ ከሌለው የተሰበረ እንጨት አይታየውም፤ ሦስተኛው ድርድር ላይ ሲደርስ ነው የሚዘምመው። በየድርድሩ መሃል ካርቶን አስገቡ፣ አጥሩም በሩ ሲከፈት ሮቦቱን የሚያቆም ይሁን።