ከወንበር ስነሳ የሚወጋኝ የጭራ አጥንት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከሜክሲኮ አየር ጤና የምሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ክረምት ላይ ደረጃ አዳልጦኝ በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። ተወኝ ስል ይኸው ሦስት ወሬ፤ ከወገቤ ታች፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው አጥንት ስቀመጥ ታመኛለች፣ ስነሳ ደግሞ እንደ መርፌ ትወጋኛለች። ቆሜ ስሄድ ምንም የለኝም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ስቀመጥም ይሻለኛል። ራጅ ተነስቼ «አልተሰበረም» ተባልኩ። እግሬን አይደነዝዘኝም፣ ስለዚህ የዲስክ መንሸራተት አይመስለኝም። ሚስቴ ፎጣ ጠቅልላ መሃሉን ክፍት አድርጋ ሰጥታኝ ነበር፤ አግዞኛል፣ ግን ረዳቴ «እንቁላል ታቅፈህ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ተውኩት። እንዳይድን የሚያደርገው ቀኑን ሙሉ መቀመጤ ይሆን? ፊዚዮቴራፒ ወይም የኮርቲዞን መርፌ (ቁጣና ሕመም የሚያስታግሰውን) ሞክሮ የተሻለው አለ? የአጥንት ሐኪም ጋ ልሂድ ወይስ የነርቭ?