ኪንድል አንሊሚትድ ለወንጀል ልቦለድና ለአማርኛ አንባቢ ያዋጣል?

ንባብ በማታ

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ያለኝ መሣሪያ የአማዞን ኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ኪንድል ፔፐርዋይት። በወር ከሦስት እስከ አራት መጽሐፍ አነባለሁ፤ ግማሹ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ነው (በተለይ ተከታታይ ቅጽ ያለው)፣ ግማሹ ታሪክና ኢኮኖሚ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ባለቤቴ ደግሞ የምታነበው አማርኛ ነው። ኪንድል አንሊሚትድ (በወር ክፍያ ኢ-መጽሐፍ የሚያውሰው የአማዞን አገልግሎት) በወር 11.99 ዶላር ይላል። ለሁለታችን የሚሆን ከሆነ ልግባበት? ወይስ እንደሱ በወር የሚከፈልባቸው ኤቨራንድ ወይም ኮቦ ፕላስ ይሻላል? «ሚሊዮኖች መጻሕፍት» የሚለውን ማስታወቂያ አይቼዋለሁ። የቸገረኝ በምን መለኪያ እንደምወስን ነው።

ገጽ ቆጣሪ

የሚሊዮኑን ነገር እርሳውና የራስህን ዝርዝር ይዘህ ግባ። በቅርቡ ያነበብካቸውን ሃያ መጻሕፍት ጻፍ፤ ቀጥሎ ልታነባቸው ያሰብካቸውን አሥር ጨምርበት። እያንዳንዱን በኪንድል መደብር ፈልግና የኪንድል አንሊሚትድ ምልክት ያለበትን ብቻ ቁጠር።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። «ፕራይም ሪዲንግ» የሚለው ምልክት ሌላ አገልግሎት ነው፤ የፕራይም (የአማዞን የክፍያ አባልነት) አባል ከሆንክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ታገኘዋለህ፣ ስብስቡ ግን በጣም ያንሳል። ሌላው፣ የተከታታዩ ቅጽ አንድ ምልክቱ ኖሮት ቅጽ ሦስትና አራት የማይኖራቸው ጊዜ አለ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቅጽ ድረስ አጣራ።

ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። ምልክቱ ያለባቸው መጻሕፍት ለብቻቸው ቢገዙ ብዙዎቹ ከ2.99 እስከ 5.99 ዶላር ናቸው። አማዞን ለደራሲው 70 በመቶ የሚከፍለው ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ሲሆን ስለሆነ ራሱን የሚያሳትም ደራሲ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ክልል አይወጣም። በ4.99 ብናስበው ሁለት መጽሐፍ 9.98፣ ሦስት 14.97 ይመጣል። እንግዲህ ምልክት ያለባቸውን ሦስት መጻሕፍት በየወሩ ጀምረህ የምትጨርስ ካልሆነ እየገዛህ ብታነብ ይረክስሃል፤ የገዛኸው ደግሞ ክፍያ ስታቆም አብሮ አይሄድም። በዓመት 143.88 ዶላር መሆኑንም አስብ። በወር ሲጠራ ትንሽ ይመስላል።

የታሪክና የኢኮኖሚ መጻሕፍትህ ግን እዚያ ውስጥ ብዙም አይገኙም። ትላልቆቹ አሳታሚዎች፣ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሃርፐር ኮሊንስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር፣ አሼትና ማክሚላን አዳዲስ መጻሕፍታቸውን በአብዛኛው አያስገቡም። ምክንያቱ አከፋፈሉ ነው። ከሐምሌ 2015 (በፈረንጆች) ጀምሮ ደራሲ የሚከፈለው በተነበበለት ገጽ ልክ ነው፤ አማዞን በየወሩ አንድ የገንዘብ ቋት ይመድብና ለተነበቡት ገጾች ሁሉ ያካፍለዋል። ለአንድ ገጽ የሚደርሰው ከግማሽ ሳንቲም በታች ነው። ባለ 400 ገጽ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ተነብቦ ሁለት ዶላር አይሞላም። በ14.99 የሚሸጥ አሳታሚ ለዚህ ብሎ አይገባም።

ራሱን የሚያሳትመው ደራሲ ግን ይገባል፤ ሲገባም የኢ-መጽሐፉን ቅጂ ለ90 ቀን (ከዚያም በየ90 ቀኑ በሚታደስ ውል) ከአማዞን ውጭ ላለማቅረብ ይፈርማል። ገንዘቡ የሚመጣው በገጽ ስለሆነ አንባቢን ከቅጽ ወደ ቅጽ የሚጎትት ተከታታይ ያዋጣዋል። የወንጀል፣ የፍቅርና የሳይንስ ልቦለድ የሞላበት ለዚህ ነው። ላንተ ግማሽ ንባብ ተመችቷል ማለት ነው። ጥራቱ ግን የተዘበራረቀ ነው፤ የአርታኢ እጅ ያልነካው ብዙ አለ። ከመዋስህ በፊት ናሙናውን አውርደህ ሁለት ምዕራፍ እይ።

የመደርደሪያው ልጅ

ገጽ ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፤ ግን ስሌቱ የጎደለው አለ። ከ11.99 ጋር የሚወዳደረው 4.99 ብቻ አይደለም፣ ዜሮም አለ። አንተ ያለህበት አካባቢ ለዚህ ከአሜሪካ ምርጥ ከሚባሉት ነው።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጣ። ከዚያ የዋሽንግተን ዲሲና የፌርፋክስ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍትም ለሞንትጎመሪ ነዋሪ በነፃ ካርድ ይሰጣሉ፤ አድራሻህን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘህ መሄድ ነው። ሦስቱንም ካርድ ሊቢ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት ኢ-መጽሐፍ መዋሻ አፕ ውስጥ አስገባ። አንድ ርዕስ ስትፈልግ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገመተውን የጥበቃ ጊዜ ያሳይሃል፤ አጭሩ ጋ ትመዘገባለህ።

ወደ ፔፐርዋይትህ ለማምጣት፦ በሊቢ መጽሐፉን ተዋስ፣ «ሪድ ዊዝ» የሚለውን ነክተህ ኪንድልን ምረጥ፣ የአማዞን ገጽ ሲከፈት «ጌት ላይብረሪ ቡክ» በል፣ ኪንድልህን ዋይፋይ ላይ አድርግ። ይህ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው የሚሠራው። የኪንድል አማራጭ ካልመጣ አሳታሚው ለኪንድል አልፈቀደም ማለት ነው፤ ያኔ በስልክህ ማንበብ አለብህ።

ወረፋ የሚኖረው ለምን እንደሆነ ካወቅህ አያናድድህም። ቤተ መጻሕፍቱ የገዛው እያንዳንዱ የዲጂታል ፈቃድ ባንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ነው፤ የትላልቆቹ አሳታሚዎች ፈቃድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሞላው ያበቃና እንደገና ይገዛል። ማክሚላን በፈረንጆች ኅዳር 2019 ጭራሽ አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት አንድ ቅጂ ብቻ ብሎ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት አድመውበት በመጋቢት 2020 ተወው።

ወረፋው የሚበዛው አዲስና ዝነኛ በሆነው ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ የታሪክ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይገኛል። የአምስት መጽሐፍ ተራ አንድ ቀን ቢደርስህ ሁሉንም አትውሰድ፤ «ዴሊቨር ሌተር» የሚለውን ተጠቀም፣ ቦታህን ሳታጣ ለቀጣዩ ሰው ታሳልፋለህ። የውሰት ጊዜው በአብዛኛው 14 ወይም 21 ቀን ነው።

ለታሪክና ለኢኮኖሚ ሊቢ፣ ለወንጀል ልቦለድ ደግሞ በዓመት ሁለት ወር ኪንድል አንሊሚትድ። ዓመቱን ሙሉ መክፈል አይታየኝም።

ገጽ ቆጣሪ

«ሁለት ወር» ያልከው ላይ እስማማለሁ። ባንድ ጊዜ እስከ 20 መጽሐፍ መያዝ ይቻላል፣ የመመለሻ ቀንም የለም፤ ባለ ስምንት ቅጽ ተከታታይ ባንድ ወር ለሚጨርስ ሰው ርካሽ ነው። ለአዲስ ደንበኛ 30 ቀን ነፃ ሙከራ አለ። በፕራይም ቀንና በኅዳር መጨረሻው የቅናሽ ሰሞን ደግሞ ረዘም ያለ ነፃ ወይም በጣም የወረደ ዋጋ ያወጣሉ። ሙከራህን ያለ ዕቅድ አታባክነው፤ መጀመሪያ ዝርዝሩን ሥራ፣ ምልክት ያለባቸውን ለይ፣ ከዚያ ጀምር።

ሌላ ነገር፦ ኮቦ ፕላስ በኪንድል መሣሪያ ላይ አይከፈትም፤ ኮቦ ወይም የስልክ አፕ ይፈልጋል። ኤቨራንድም በፔፐርዋይት ላይ የለም። መሣሪያህን ካልቀየርክ ሁለቱም ከምርጫው ወጥተዋል።

ፊደል ለቃሚ

ስለ አማርኛው ማንም አልመለሰልህምና እኔ ልበል። ለባለቤትህ ብለህ ኪንድል አንሊሚትድ አትክፈል። አማዞን ለኪንድል ኢ-መጽሐፍ በሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። «አማርኛ» ብለህ ስትፈልግ የሚመጡት በአብዛኛው የሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍትና ፊደል ማስተማሪያዎች ናቸው፤ ጽሑፉም ብዙ ጊዜ በምስል መልክ የገባ ነው። ምስል መሆኑን ለማወቅ ናሙናውን ክፈትና የፊደሉን መጠን ቀይር። ፊደሉ ካላደገ ምስል ነው። ፍለጋ አይሠራበትም፣ በስድስት ወይም ሰባት ኢንች ስክሪን ላይም ዓይን ያደክማል።

ሊቢ ውስጥም በቋንቋ ማጣራት ይቻላል፤ ብዙ አትጠብቅ። ይልቅ የካውንቲህ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ የወረቀት መጻሕፍት ስብስብ አለው፣ በካታሎጉ ላይ ቋንቋውን አማርኛ ብለህ አጣራና ወደምትቀርብህ ቅርንጫፍ አስመጣ።

ከአገር ቤት የሚሸጡ የኢ-መጽሐፍ አፖች አሉ፤ እዚያ በወር ከመክፈል ይልቅ መጽሐፍ በመጽሐፍ መግዛት ይሻላል። ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጥ። የውጭ አገር ካርድ ይቀበላል ወይስ ቴሌብርና የአገር ውስጥ ባንክ ብቻ? ሲመዘገቡ በ251 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ይጠይቃል? ኢንተርኔት ሲጠፋ የተገዛው መጽሐፍ ይከፈታል? የሦስተኛውን መልስ ለማግኘት አንድ ርካሽ መጽሐፍ ግዛና ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገህ ክፈተው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አፑ ውስጥ የተቆለፈ ስለሆነ ወደ ኪንድል አይሄድም፤ በታብሌት ማንበብ ነው። የአንድሮይድና የአይፎን ስልኮች የግዕዝ ፊደል አብሯቸው ስለሚመጣ በዚያ በኩል ችግር የለም።

ያልተቆለፈ የኢፐብ (የተለመደ የኢ-መጽሐፍ ዓይነት) ፋይል ከአሳታሚው ካገኘህ ፋይል ወደ ኪንድል የሚልከው የአማዞን «ሴንድ ቱ ኪንድል» በፈረንጆች ከ2022 ወዲህ ኢፐብ ይቀበላል። ኪንድሉ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ በዩኤስቢ አገናኝተህ «ፎንትስ» በሚለው ማህደር ውስጥ እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ የፊደል ፋይል ክተት፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፍተህ ከፊደል ምርጫው እሱን ምረጥ።

ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ወደ ኢፐብ ለመቀየር ከመድከምህ በፊት አንድ መስመር ቅዳና ቴሌግራም ላይ ለጥፍ። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ከወጣ ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ዛሬ መሣሪያዎች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል አሠራር) በፊት በነበረው አሠራር፣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በመሰሉ የተተየበ ነው። ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ሲቀየር ይበላሻል። እንዳለ በታብሌት አግድም አድርጎ ማንበብ ይሻላል። ቴሌግራም ላይ «በነፃ» የሚዞሩትን ስካን የተደረጉ መጻሕፍት ደግሞ ተዋቸው፤ ደራሲው ሳያውቅ የተበተኑ ናቸው፣ ገጽም ይጎድላቸዋል።

ንባብ በማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአማርኛው ነገር ተቆርጧል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሁለት ወር ከፍዬ ባቆም የተዋስኳቸውና ያሰመርኩባቸው መስመሮች ምን ይሆናሉ? ኤቨራንድስ በታብሌት ባነብ?

ዕንቁ

የተዋስካቸው በከፈልክበት ጊዜ ማብቂያ ላይ ከኪንድልህ ይወጣሉ። ያሰመርካቸው ግን በአካውንትህ ይቀመጣሉ፤ መጽሐፉን በኋላ ብትገዛው ወይም ደግመህ ብትዋሰው ይመለሳሉ። የምትፈልጋቸውን ጥቅሶች ግን ከማቆምህ በፊት ከአማዞን የማስታወሻ ገጽ ገልብጠህ አስቀምጥ።

ለማቆም አካውንትህ ውስጥ «ሜምበርሺፕስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ» ግባና ኪንድል አንሊሚትድን ሰርዝ። ዛሬ ብትሰርዝም የከፈልክበት ወር እስኪያልቅ ማንበብ ትችላለህ፤ ስለዚህ ቀኑን እንዳትረሳ በጀመርክ ማግስት ሰርዘው። በአፕል ወይም በጉግል በኩል የጀመርከው ማንኛውም ክፍያ ደግሞ የሚሰረዘው እዚያው አፕል ወይም ጉግል ላይ ነው፤ አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። የአማዞን የቤተሰብ መጋሪያም ለገዛኸው መጽሐፍ እንጂ በአንሊሚትድ ለተዋስከው አይሠራም።

ኤቨራንድ የድሮው ስክሪብድ ነው፤ ስሙ የተቀየረው በፈረንጆች ኅዳር 2023። የትላልቅ አሳታሚዎች መጻሕፍት ስላሉት ለታሪክና ለኢኮኖሚ ከአንሊሚትድ ይሻላል። ግን «ያለ ገደብ» የሚለውን አትመን፤ ታሪኩ ራሱ ያሳያል። አሳታሚውን በውሰት ቁጥር ስለሚከፍል ብዙ የሚያነብ ደንበኛ ያከስረዋል። በ2015 የፍቅር ልቦለድ አንባቢዎች ስለበዙበት ከዚያ ዘርፍ ብዙ መጻሕፍት ቀነሰ፤ በ2016 በወር ሦስት መጽሐፍ ብሎ ገደበ፤ በ2018 ገደቡን አነሳሁ ብሎ፣ ብዙ ላነበበ ግን ምርጫውን ያጠብ ነበር። ተወዳዳሪው ኦይስተርም መዘጋቱን ያስታወቀው በ2015 ነው። አሁን ያለው አሠራር በመክፈቻ ቁጥር ነው፤ በ11.99 አንድ፣ በ16.99 ሦስት ተፈላጊ መጽሐፍ በወር ትከፍታለህ፣ ከዚያ በተረፈ ያለ መክፈቻ ከሚነበበው ስብስብ ታነባለህ። የከፈትከውም ክፍያ እስካለ ድረስ ብቻ ነው ያንተ። ዋጋው ስለሚቀያየር በምትገባበት ቀን ያለውን ተመልከት።

አንድ መጽሐፍ በ11.99 ለወር ከመክፈት ያንኑ መጽሐፍ በ12.99 ገዝቶ ማስቀረት ይሻላል። ሦስቱን በየወሩ የምትጨርስና በሊቢ ወረፋቸው ከሁለት ወር በላይ የሆነ ከሆነ ብቻ የ16.99ኙን አስብበት።